ሩሲያዊው የቆመበት ታንኳ

ወንድሜን ከአፈሳ ያስጣለው ሩሲያዊ መኮንን ነው ብል ማንም እንደማያምነኝ አውቃለሁ። ግን ዛሬ ጣና ዳር የእርጥብ ደንገል ሽታ ሲመጣብኝ ያንን ቀን እንደገና አየሁት።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኛ ዘንድ የደንገል ታንኳ ከሐይቁ ሲወጣ ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ግድግዳ አስደግፈን እናቆመዋለን። አፋሾቹ ለሰሜን ጦርነት ወጣት ሊለቅሙ ሰፈራችን ሲገቡ ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ከታንኳው ጀርባ ተሸጎጠ። እግሩ ግን ከጎን ይታያል! አብሯቸው የነበረው ሩሲያዊ አማካሪ እግሩን አየ፤ እኔንም አየኝ። በዓይኔ ለመንሁት። ያኔ ዓይኔ ድንጋይ ያቀልጥ ነበር። ሰውየው ሄዶ የሰይድን እግር በቡትስ ጫማው ጋረደና ለወታደሮቹ ካሜራውን ሰጣቸው። እነሱም እየተሳሳቁ ታንኳው ፊት ፎቶ አነሡትና ወጡ።

«አልሐምዱሊላህ! ምን ነክቶት ነው ይኼ ፈረንጅ?» አለች እናቴ።

አባቴ መረባቸውን እየጠገኑ፣ «እሱስ ወዶ የመጣ መሰለሽ?» አሉ። ያኔ አልገባኝም ነበር።

አላመናችሁም አይደል? ሩሲያዊውን የላከው መንግሥት ዛሬ የለም፤ አፋሾቹን የላከውም የለም። ሰይድ ግን ሹም አቦ ሰፈር ዓሣ እየጠበሰ አለላችሁ። ሂዱና ጠይቁት!