ኮፈኑን እስከ ሸሕዲ መሸኘት

ባለቤቴ ባትላሜራ ነበር። የተጨማደደ የመኪና ገላ ያቃናል፣ በር ይገጥማል፣ ኮፈን ያስራል። መተማ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረች ግቢ አለችን፤ ከፊት ጋራዡ፣ ከኋላ ቤታችን። እኔ አስተማሪ ነኝ። እሱ ብረት ሲቀጠቅጥ እኔ ደብተር አርማለሁ። ኑሯችን ይኸው ነበር።

አንድ ልማድ ነበረው። ኮፈን የገጠመለትን መኪና እንዲሁ አያስረክብም። «የመጀመሪያው ጉዞ የኔ ነው» ይልና ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ በጎንደር መንገድ ላይ እስካለችው ከተማ፣ እስከ ሸሕዲ ይሄዳል። ሸሕዲ ሲደርሱ ወርዶ ኮፈኑን በሁለት መዳፉ ይጫነዋል፣ ከሥር የብሎኑን ዳዶ ይነካካል፣ ከዚያ መኪናውን ይለቅና በሚኒባስ ይመለሳል። የግቢውን በር ገፍቶ ሲገባ የሚላት አንዲት ቃል ነበረች።

«ያዘ።»

እኔም ከደብተሩ ቀና ሳልል «እሰይ» እለዋለሁ።

«እስኪ አንድ ቀን አብረን እንሂድ» ይለኝ ነበር።

«እኔ ምን ልሠራ?»

«ሰማዩ ኮፈኑ ላይ ሲፈስ ታያለሽ።»

«ሰማይ እዚህም አለ» አልኩት። ሳቀ። ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ እኔም ሁልጊዜ አንድ ሥራ አላጣም ነበር። ፈተና አለ፣ ሙቀት ነው፣ ቤቱ ባዶ አይደር። እውነት ነበር ሁሉም። ዛሬ ያንን ሁሉ ምክንያት ሰብስቤ ባየው የአንድ ቀን መንገድ የሚያስቀር አይደለም።

የመጨረሻዋ መኪና የመጣችው ከካርቱም ነው። እዚያ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በኛ ድንበር ያልገባ የመኪና ዓይነት የለም፤ እንዲህ ያለችውን ግን መተማ አይታ አታውቅም። መሬት የተጣበቀች፣ ባለ ሁለት በር፣ ለሩጫ የተሠራች። ባለቤቷ ወጣት ነው፤ አባቱ ሱዳናዊ፣ እናቱ የጎንደር ሰው፣ አማርኛውን ከእናቱ የወረሰ። ለፍጥነት ብሎ የፋብሪካውን ከባድ ኮፈን አውልቆ ጥቁር የፋይበር ኮፈን አስገጥሞባታል። ሲያዩት እንደ ሰሌን የተጠላለፈ ይመስላል፤ ባለቤቴ በአንድ እጁ ሲያነሳው ሰፌድ ያነሳ መስሎኝ ነበር። መያዣው መንገድ ላይ ተሰብሮ እስከኛ ድረስ የመጣው በገመድ ታስሮ ነው።

«እዚህ ያሉ ሾፌሮች ለሙቀቱ ብለው ኮፈናቸውን ገርበብ አድርገው ይነዱ የለም ወይ?» አለው ልጁ። «የኔንም ትንሽ ከፍ አድርገው ይግጠሙልኝ ጋሼ። ሞተሩ ይተንፍስ።»

«የእነሱ ብረት ነው፣ ክብደቱ ያስቀምጠዋል። ያንተ ሰፌድ ነው። ነፋስ ጣቱን ካስገባበት ገልብጦ መስተዋትህ ላይ ነው የሚያለብስብህ፤ መንገዱን ሳታየው ትቀራለህ።»

«ወላሂ አስፈሩኝ።»

«ፍራ። የፈራ ሾፌር ልጁን ይድራል።»

ሥራው እንዲህ ነበር። ሁለት አጫጭር የብረት ዘንጎች፣ በግራና በቀኝ፣ ከመኪናዋ ፊት ከብረቱ ላይ በብሎንና በዳዶ ይታሰራሉ። ኮፈኑ ይበሳና ዘንጎቹ በቀዳዳው ወደ ላይ ብቅ ይላሉ፤ ጫፋቸው ላይ እንደ መርፌ ቁልፍ ያለ ሽቦ ይሰካል። ፋይበሩ እንዳይቀደድ ከላይም ከታችም ሰፊ የብረት ቀለበት፣ ሮንዴላ፣ ይገባል። የቀኙን ጨረሰ። የግራውን ቦታ ከኔ ቦርሳ በወሰዳት ጠመኔ መስቀል አድርጎ ምልክት አደረገና «ነገ» ብሎ ገባ።

ማታውን አንቀጠቀጠው። ወባ ለኛ አገር እንግዳ አይደለም፤ ኪኒኑን ወስዶ ይነሳል አልን። ወባው ግን ጭንቅላቱ ላይ ወጣ።

የለቅሶው ድንኳን ሲተከል መኪናዋን ወደ አጥሩ ገፏት። ልጁ በየቀኑ እየመጣ ለለቀስተኛው ውኃ ይቀዳ ነበር፤ ስለ መኪናዋ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ጠዋት ጠዋት ወጥቼ የጠመኔዋን መስቀል አያታለሁ። አጠገቧ የባለቤቴ የአውራ ጣት አሻራ ነበር።

አንድ ቀን ማለዳ ልጁ አቀርቅሮ መጣ። እናቱ ቀድማው ጎንደር ገብታለች፤ ሐኪሞች ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ብለዋል፤ እሷ ደግሞ ልጄን ሳላይ አልገባም ብላለች።

«መኪናዋን ተዋትና በአውቶቡስ ሂድ» አልኩት። «እኔ እጠብቅልሃለሁ።»

«እትዬ፣ ከቤታችን የቀረችው እሷ ናት። እዚያ ሌላ ምንም የለንም። ኻላስ፣ አልቋል። በገመድ አስሬም ቢሆን ዛሬ ከእጀባው ጋር እወጣለሁ።»

መንገዱ ሰላም ስላልነበረ መኪኖች ሸሕዲ ላይ ተሰብስበው በእጀባ ነበር የሚሄዱት። እጀባ በፍጥነት ይሄዳል፣ አይቆምም። ኮፈኔ ተነሳ ብትል የሚጠብቅህ የለም። ያቺን በገመድ የታሰረች ሰፌድና ጎንደር የምትጠብቀውን እናት አንድ ላይ አሰብኳቸው። ተነስቼ ጎረቤታችንን፣ ብረት በያጁን፣ ጠራሁት።

በያጁ መሰርሰሪያውን ይዞ መጣና መኪናዋን ዞራት። «ይህ መኪና ነው ወይስ የተጋደመ ፍሪጅ?» አለ። ከባለቤቴ ሞት ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ሲቀልድ ያን ቀን ገና መጀመሪያው ነው። ከዚያ መስቀሏን አየና ወደኔ ዞረ። «ልብሳው እትዬ?»

«ብሳው።»

ጠመኔው ከፋይበሩ ብናኝ ጋር ተደባልቆ መሬት ወረደ። ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ። ዘንጉን አስሮ ሲጨርስ ልጁ ሞተሩን አስነሳ። እኔ ጥቁር ነጠላዬን አጠበቅኩና የፊተኛውን በር ከፍቼ ገባሁ።

«ወዴት ነው እትዬ?» አለኝ በያጁ ደንግጦ። «አርባው እንኳ ሳይወጣ፣ ሰው ምን ይላል?»

«የመጀመሪያው ጉዞ የኛ ነው» አልኩት።

ልጁ መጀመሪያ እንደ አህያ ጋሪ ነበር የሚነዳው። የታጨደው የሰሊጥ ማሳ በሁለቱም በኩል ነዶ ነዶ ሆኖ ያልፋል። እኔ ዓይኔን ከኮፈኑ ጠርዝ አልነቀልኩም።

«ፍጠን» አልኩት።

«ሐዘንተኛ ይዤ?»

«እጀባው ሐዘንተኛ አለ ብሎ አይዘገይልህም። ኮፈኑ አሁን ካልተነሳ ነው እጀባው ውስጥ የማይነሳው። ያላ፣ ፍጠን!»

ፈጠነ። ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። ኮፈኑ በቀኝ በኩል ጸጥ ብሏል፤ በግራ በኩል እንደሚያለቅስ ልጅ ከንፈር ትንሽ ትንሽ ይርገበገባል። እሱን እያየሁ ሳለ ነው ሌላውን ያየሁት። በጥቁሩ ፋይበር ላይ ሰማዩ ወደኛ ይመጣ ነበር። ደመናው፣ የግራሩ ጫፍ፣ አንዲት አሞራ፣ ሁሉም ከፊታችን ተነስተው በኮፈኑ ላይ እየፈሰሱ መስተዋቱ ሥር ይገቡና ያልቃሉ።

ሰማይ እዚህም አለ ብዬው ነበር።

ልጁ ማልቀሴን አይቶ እግሩን ከነዳጁ አነሳ። «አትቁም» አልኩት።

ሸሕዲ መግቢያ ላይ ወደ አገራቸው የሚመለሱ የጎጃም የቀን ሠራተኞች ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። «ይች መኪና ስለት አለባት መሰል» አለ አንዱ ጮክ ብሎ፤ «መሬት እየሳመች ነው እምትሄድ!» ሳቁ። ልጁም ሳቀ። እኔ ወርጄ ኮፈኑን በሁለት መዳፌ ተጫንኩት። የቀኙ ቋጥኝ ነው። የግራው ጣት ያህል ተነስቶ ተመለሰ።

ከፍተን ከሥር አየን። የቀኙ ዘንግ ሁለት ዳዶ አለው፤ አንዱ በሌላው ላይ የተጫነ፣ እንዳይላላ። የግራው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መንገዱን ሙሉ ሲፈታ መጥቷል። ሁለተኛው ዳዶ በያጁ የማያውቀው፣ ባለቤቴም ለማንም ያላወራው ነገር ነበር። ምናልባት ለኔ አውርቶኝ ይሆናል። ደብተር ሳርም።

አጠገባችን ካለው ጎሚስታ ቤት ልኩን ዳዶ ፈልገን አገኘን። ጎሚስታው እላዩ ላይ ደርቦ አጠበቀው። እንደገና ተጫንኩት። አልተነሳም። ልጁንም «አንተም ተጫን፤ ጎንደር እስክትደርስ እጅህ ያስታውሰው» አልኩት። ተጫነ። የእጀባው ጥሩምባ ሲነፋ ጉልበቴን ስሞ ሮጠ። ያቺ ዝቅ ያለች መኪና በሁለት የጭነት መኪኖች መሐል ገብታ ሄደች።

ወደ መተማ የሚሄድ ሚኒባስ እየሞላ ነበር፤ አልገባሁም። አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ስልኬን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። እሱም እዚህ ይቀመጥ እንደሆነ፣ ምን ያዝዝ እንደነበር፣ ባለሻይዋ ታውቀው እንደሆነ አሰብኩ። አልጠየቅኳትም። ሚኒባሶች ሞልተው ሄዱ፣ ሌሎች መጡ። ጥላው ወደ ሌላው ወገን ሲዞር ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ፣ ገባሁ። እናቴ አጠገቤ ናት። ነገ ጠዋት ለቀዶ ጥገናው ትገባለች።»

«ኮፈኑስ?»

«ዝም ብሏል፣ ወላሂ። እንደ ድንጋይ።»

አቧራ ለብሼ ተመለስኩ። የግቢውን በር ስገፋ አጥሩ ሥር መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ባዶ ነው፤ የዘይት ጠብታ ብቻ። በያጁ ከወዲያኛው ግቢ የበር ብረት እየበየደ ነበር። የበሩን ድምፅ ሲሰማ ጭምብሉን ሳያነሳ ጮኸ።

«ያዘ?»

«ያዘ» አልኩ።

«እሰይ» አለ፣ ከሥራው ቀና ሳይል።