የጋሼ ኤልያስ ቴሌስኮፕና የተንሸራተተው ፍሪሲዮን

ቅዳሜ ለልብስ ሰፊ የሥራ ቀን ነው። እኔ ግን ባለፈው ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ ከዓለም ባንክ ተነሳሁ፣ ጦር ኃይሎች ሄድኩ፣ ኮልፌ ዋልኩ፣ በዘነበወርቅ በኩል ተመለስኩ። ከክፍለ ከተማችን እንኳ አልወጣሁም። ድካሙ ግን የሩቅ አገር መንገድ ነው፣ ስለዚህ ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ምክንያቱ የፊዚክስ አስተማሪዬ የነበሩት ጋሼ ኤልያስ ናቸው። ወደ አገሩ የተመለሰ የውጭ መምህር የተወላቸው ቴሌስኮፕ አላቸው፤ ከቱቦው ሥር በሞተር የሚዞር ከባድ ብረት አለው። ሞተሩ ቱቦውን ቀስ እያደረገ ካላዞረው ጨረቃ ሁለት ደቂቃ ሳትቆይ ከመስታወቱ ትወጣለች። እኔና እናንተ በእጃችን ገፋ አድርገን እንመልሳታለን። የጋሼ ኤልያስ እጅ ግን መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆነው። ዓይናቸውን ከመስታወቱ ጋር ለማገናኘት ብቻ ብዙ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ቱቦውን ከነኩት ደግሞ ሁሉም ነገር ይናወጣል። ያኔ ነው «አንተ ጠብቀው» ብለው ዕቃውን በአደራ የሰጡኝ።

መስከረም ላይ ቤታቸው ወስጄ፣ ሞተሩን አስነስቼ ጨረቃን አነጣጠርኩላቸው። ዓይናቸውን እስኪያስተካክሉ ሄደች። መለስኳት፣ ሄደች። በአራተኛው ቀና አሉና «ተወው ጴጥሮስ። ዕቃው ምንም አልሆነም፤ እኔ ነኝ ያለቅሁት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ለጸሎት የሚመጡትን ሰዎች እንኳ «ለእጄ አትጸልዩ፣ በቃ» እንደሚሏቸው ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ነገሩኝ።

እኔ ደግሞ ማዞሪያውን ብቻ ይዤ ወደ ቤት ተመልሼ ስፈትሸው፣ ሞተሩ እያጉረመረመ ቱቦውን የሚይዘው ክንድ እንደማይንቀሳቀስ አየሁ። ማጥበቂያውን ባጠብቀውም ያው ነው። ጥፋቱ የሳቸው እንዳልነበረ ያን ቀን አውቄያለሁ። አውቄ ዝም አልኩ። ዛሬ ነገ እያልኩ፣ በተማሪ ዩኒፎርም ስፌት እያመካኘሁ፣ ሳምንታት አለፉ። ሰኞ ጠቅልለው ሆሳዕና ልጃቸው ጋ ሊሄዱ መሆኑን ስሰማ ነው የነቃሁት። ማታ ብርዱን አይችሉትም፣ እሑድም ስንብት ነው፤ የቀረችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቀን የምትታየዋ ግማሽ ጨረቃ ብቻ ነበረች።

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ዓለም ባንክ

የታክሲው ረዳት ብረቱን አይቶ «ይሄ ሰው ያህል ቦታ ይይዛል» አለኝ። የአንድ ሰው ሒሳብ ከፈልኩለትና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት የወፍጮ ዕቃ መስሏቸው «ወፍጮ ቤት ልትከፍት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ።

ጦር ኃይሎች የማውቀው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ሞተሩን ፈትሾ መለሰልኝ። «ሞተሩ ጤነኛ ነው። የሚያንሸራትተው ፍሪሲዮኑ ነው፣ እንደ መኪና። ኮልፌ ጋሽ ሸምሱ ጋ ውሰደው፣ የሚኒባስ ፍሪሲዮን የሚሠሩት።»

አራት ሰዓት ተኩል፣ ኮልፌ

ጋሽ ሸምሱ ከአንድ ሚኒባስ ሥር ተንፏቀው ወጡ።

«የምን መኪና ነው?»

«ጨረቃ ማያ ነው፣ ጋሼ።»

«ወይ አላህ!» ብለው ሳቁ። ግን እጃቸውን ጠርገው ካቻቢቴ አነሱ። ብረቱን ሲከፍቱት በሁለት ሳህን መሰል ብረቶች መሀል ቀጭን የቆዳ ቀለበት ወጣ። አሸተቱት።

«ይሄ ዘይት ጠጥቷል። ፍሪሲዮን ደረቅ ሆኖ ነው የሚይዘው፤ ዘይት ከነካው አለቀለት። ማነው ያጠጣው?»

«እኔ እንጃ» አልኩ።

እንደገና አሸተቱት። «የሞተር ዘይት እንኳ አይደለም። የስፌት መኪና ዘይት ነው።» አንገቴ ላይ የተንጠለጠለችውን የልብስ መለኪያ ሜትር አዩ።

እኔ ቅዳሜ ማታ ሱቅ ከመዝጋቴ በፊት ሁለቱን መኪናዎቼን ዘይት አጠጣለሁ። ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር የተቀመጠውንም አደራ፣ እንዳይዝግ ብዬ፣ በየቀዳዳው ጠብ ጠብ አደርግለት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ! አይ እኔ፣ ተንከባክቤ ተንከባክቤ ገደልኩት።

«እኔ ነኝ» አልኩ በመጨረሻ።

«አውቄያለሁ» አሉ። «አሁን ደረቅ ቆዳ ፈልግ።»

እሳቸው ብረቶቹን በቤንዚን አጥበው በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትጉ፣ እኔ ዙሪያዬን ቃኘሁና ቀበቶዬን ፈታሁ። አሮጌውን ቀለበት ጫፉ ላይ አስቀምጬ ከኪሴ በማትጠፋው የልብስ ማስመሪያ ሳሙና አሰመርኩ፣ በመቀሴ ቆረጥኩ። ሱሪዬን በሜትሬ ሳስር ጋሽ ሸምሱ ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም።

ገጥመው ከሚኒባሱ ባትሪ ጋር አገናኙት። ቋሚውንና ተንቀሳቃሹን ብረት አቋርጬ በሳሙና አንድ መስመር አሰመርኩ።

«አይዞርም እኮ!» አሉ አፍጥጠው።

«አንድ ዙር የሚጨርሰው በሃያ አራት ሰዓት ነው።»

«ሃያ አራት ሰዓት! ይሄ ታክሲ ቢሆን ረዳቱ አብዶ ነበር።»

ክንዱ ላይ ከበድ ያለ መዶሻ አንጠልጥለን ሻይ ጠጣን። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የሳሙናው መስመር የአንድ ስፌት ያህል ተለያይቷል። ይዟል! የእጃቸውን ዋጋ ስጠይቃቸው «ሻዩን ክፈልና ሂድ፣ ሰውዬው እየጠበቁህ ነው» አሉኝ።

አስር ሰዓት፣ ዘነበወርቅ

ግቢው ውስጥ ዕቃው ሁሉ በካርቶን ታስሯል። ጋሼ ኤልያስ ጥላው ሥር ተቀምጠዋል፣ እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀጠቀጣሉ።

«ነግሬህ አልነበረም? ለምን ትደክማለህ?» አሉኝ። ቀጥለው ወገቤን አዩ። «ምነው በሜትር ታጠቅህ?»

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ። «ቀበቶዬ እዚህ ውስጥ ነው» አልኩ ብረቱን እያሳየሁ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። የስፌት መኪና ዘይት አጠጥቼው ነው። መስከረም ላይ ያመለጠችዎት እጅዎ ስላናወጠው አልነበረም፣ ብረቱ ስላልያዘ ነው። ይህን ካወቅሁ ቆየሁ፤ አፍሬ ነው ያልነገርኩዎት።»

ቱቦው ወዳለበት በአገጫቸው ጠቆሙኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቱቦውን አስሬ፣ ሰማያዊው ሰማይ ላይ ያለችውን ነጭ ግማሽ ጨረቃ አነጣጠርኩና ሞተሩን አስነሳሁ። እትዬ አስቴር ወንበሩን አስጠጉላቸው። ዝቅ አሉ፣ ሳቱ፣ ቀና አሉ፣ እንደገና ዝቅ አሉ። ዓይናቸው መስታወቱን ሲያገኝ ብዙ ደቂቃ አልፎ ነበር።

«አለች» አሉ።

ቆዩ፤ በጣም ቆዩ። እጆቻቸው እንደ ወትሮው ይንቀጠቀጡ ነበር። ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ «እኔ አልነበርኩማ» አሉ። እትዬ አስቴር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ግን አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅ።

ሲነሱ «ይሄንንም ጠቅልልልኝ። ሆሳዕና ይሄዳል» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ሆዴም ባባ፣ ሦስት ዓመት አብሮኝ ኖሯላ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከካርቶኖቹ ጎን አስቀመጥኩት።

ማታ አንድ ሰዓት፣ ቤት

ባዶ እጄን፣ በሜትር ታጥቄ ዓለም ባንክ ገባሁ። በታክሲው ውስጥ ሳስበው የመጣሁት አንድ ነገር ነው፦ ዘይቱ ባለማወቅ ነው፣ ዝምታዬ ግን እያወቅሁ ነው፤ ሰውየውን የጎዳቸውም ዝምታዬ ነው።

ትናንት እትዬ አስቴር ከሆሳዕና ደውለው ነበር። እዚያ ሊጠይቋቸው የመጡትን ሰዎች «ለእጄም ጸልዩልኝ» ብለዋቸዋል አሉ።

ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ሱቅ ከመዝጋቴ በፊት ሁለቱን መኪናዎች ዘይት አጠጣሁና፣ ማጠጫውን እንደያዝኩ እንደ ልማዴ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አልኩ። የአደራው ቦታ ባዶ ነበር።