ሆድ ላይ ያረፈው የሸክላ እጅ

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። እንደ ልማዴ ከሳን ሆሴ ተነሥቼ ኦክላንድ አክስቴ ጋ ላድር ሄጃለሁ። የቸርቿ የጸሎት ቡድን ተራ እሷ ቤት ስለደረሰ ሳሎኑ ሞልቶ ነበር።

ቴሌቪዥኑ አጠገብ አንድ የሸክላ ዕቃ አለ፤ ዐይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ ሰው፣ ከፊት ለፊቱ በተጋደመ ሕመምተኛ ሆድ ላይ እጁን አሳርፏል። አክስቴ አላሜዳ ከተማ ውስጥ አራት ዓመት ያስታመመቻቸው የፔሩ ሽማግሌ ሊሞቱ ሲሉ የሰጧት ነው። ከሳቸው የቀራት እሱ ብቻ ነበር። በየጠዋቱ እየወለወለች፣ «እኔን አይመስልም?» ትላለች።

ጋሼ የምንላቸው የቡድኑ መሪ፣ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ።

«እሷን ይጠይቋት፤ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ይህንኑ ነው» አለች አክስቴ ወደኔ እያመለከተች፣ ኮራ ብላ።

ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። የማውቀውን ስጠየቅ ግን ደስ አለኝ። በአንዲስ ተራሮች አገር በጥንት ዘመን እንዲህ ያሉ ሸክላዎች ይሠሩ እንደነበር፣ ሰውየው ሻማን እንደሚባል፣ መናፍስት ጠርቶ እንደሚፈውስ፣ ወደ አውሬነትም ይለወጣል ተብሎ ይታመን እንደነበር አስረዳሁ። ይኼኛው ጥንታዊ ይሁን ቅጂ እንደማላውቅ እንኳ ሳልናገር አላለፍኩም።



«ታዲያ ጠንቋይ ነዋ!» አለች አንዷ። «እኅቴ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ ከጠንቋይ ጋር ቲቪ ስታዪ ነበር?»

ጥቂቶች ሳቁ። ጋሼ አልሳቁም። «እኅቴ፣ በገዛ እጅሽ ብትሰብሪው ነው የሚሻለው» አሉ።

አክስቴ ወደኔ አየች። «ሕመምተኛ የሚያስታምም ሰው ነው፣ እንዳንቺ» ማለት ነበረብኝ። ውሸት አይሆንም ነበር። አቀረቀርኩ። ዕቃውን በፎጣ ጠቅልላ ወጣች፤ ከፓርኪንጉ የመሰበሩ ድምፅ ተሰማን። ስትመለስ እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት። አለቀሰች፤ እነሱ ነጻ የወጣች መሰላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ወርጄ ፎጣውን ከቆሻሻ መጣያው አወጣሁት። የሰውየው ፊት ደቅቋል። እጁና የሕመምተኛው ሆድ ግን አልተለያዩም። ይዤው ስገባ አክስቴ ኩሽና ቆማለች።

«እዚህ ቤት አይገባም» አለች። ቢሆንም ከእጄ ተቀብላ አቧራውን በአውራ ጣቷ ጠረገችለት። «ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው እንዲህ ነበር የምይዝላቸው።»

ስባሪውን መልሳ ሰጠችኝ። በካልሲዬ ጠቅልዬ መኪናዬ ውስጥ አስቀመጥኩትና ቸርች አደረስኳት።