የምታንሾካሹከው ሬዲዮ

አጎቴ ሬዲዮዋ ታማለች ብሎ ካመነ በኋላ በዚያ ቤት ሰላም ጠፋ። ሬዲዮዋ የሚስቱ የእትዬ ነበረች። ገላዋ ቡናማ እንጨት፣ ፊቷ ጨርቅ የለበሰ፣ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ ለማንም ሳትለቅ የኖረች ሬዲዮ ናት። እትዬ ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጣጠፈች የምትሰማው ተከታታይ ትረካ ነበራት። አጎቴ ጡረታ ወጥቶ ቤት መዋል እስኪጀምር ድረስ በዚያ ሰዓት እሷንና ሬዲዮዋን የሚያውካቸው ሰው አልነበረም።

«ምን ሆና ነው የምታንሾካሹከው?» ይላል ገና ከበር ሲገባ።

«ማን?»

«ሬዲዮሽ ናታ! ሐሜት ጀመረች እንዴ?»

ይሄድና ማዞሪያዋን እስከ ጥግ ያዞረዋል። እትዬ ጆሮዋን በመዳፏ ይዛ ትነሳና ትመልሰዋለች። እሷ ስትቀመጥ እሱ ይነሳል።

ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው መቀመጥ ያውቅበታል ብዬ አስብ ነበር። ለካ የተቀመጠው አውቶቡሱ ይሄድ ስለነበር ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ከወንበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ ጓሮ ሲል ይውላል። ቁጭ ሲል እንኳ ቀኝ እግሩ አያርፍም፤ ከፊቱ ሰው ዘሎ የገባበት ይመስል ወለሉን ይጫናል። እትዬ በዚያ ቦታ የሳሳውን ምንጣፍ አሳይታኛለች። «ፍሬን ይዞ ይዞ ጨረሰው» አለችኝ።

ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስወጣ እሱ በሚነዳው አውቶቡስ እሳፈርና ከጀርባው ባለው ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ፊቱ ሳይሆን ማጅራቱ ነው። ዳገት ላይ አንገቱን ወደ መስኮቱ ዘንበል ያደርግና «ስማት፤ ጉሮሮዋን ይዟታል» ይለኛል። እኔ የምሰማው ጩኸት ብቻ ነበር። ጋራዥ ስንደርስ ካቻቢቴ ያነሳል፤ ጫፉን የሚሠራው ሞተር ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ሥር ያለው አጥንት ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ «እዚህ ጋ ክፈቱ» ይላል። መካኒኮቹ «ሐኪም» ነበር የሚሉት። ሌላ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም፤ ልጅ አልወለደም፣ መሬት አልገዛም። ጆሮ ነበረው።

የሰፈሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ሬዲዮዋን ከፍቶ አቧራዋን እፍ ብሎ «ጤነኛ ናት ጋሼ፤ ከኔም ከአንተም ትሻላለች» ብሎ ሲመልሳት፣ አጎቴ መንገዱን ሙሉ ሲራገም መጣ።

«ይሄ ሰውዬ ደንቆሮ ነው» አለኝ። «ደንቆሮ ሬዲዮ ሊጠግን ይቀመጣል! ሰው የሠራውን ሰው ይፈታዋል። እኔው ራሴ እማራለሁ።»

ተማረ ማለት ይከብዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ክንድ የሚያህል መበየጃ ካውያና አንድ ጣሳ የብየዳ ቅባት ገዛ፤ እትዬ ዘመድ ልትጠይቅ የወጣችበትን ጠዋት ጠበቀ፤ ሬዲዮዋን ከፈታት። ስደርስ መስኮቱ ተከፍቶ፣ በጋዜጣ ጭስ ያራግብ ነበር።

«በሽታዋን አገኘሁት» አለኝ።

«የቱ ጋ ነው?»

ያሳየኝ ራሱ ያቃጠለውን ቦታ ነበር። በቦርዱ ላይ የተነጠፉት ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ሙቀቱ ሲበዛባቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስተዋል።

እትዬ ከሰዓት በኋላ መጥታ ማዞሪያውን አዞረች። ጸጥ። እንደገና አዞረች። ከዚያ የልብሱን ቅርጫት አንስታ መኝታ ቤት ገባች፤ ተመልሳ ወጥታም ወንበሯን ወሰደች። በሩ ተዘጋ። አልጮኸችም፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

አጎቴ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ተመላለሰ።

«አየሃት? ድሮም ማውራት ትታለች። እንደዚች ሬዲዮ አፏ ውስጥ ነው የምታጉተመትመው፤ ተናገሪ ስላት ‹ተናግሬያለሁ› ትላለች። ሰልችቻታለሁ። እቺን ካላዳንኩላት ያ ወንበር ተመልሶ አይመጣም።»

በማግስቱ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ወደምትሸጥ ሴት ሱቅ ወሰድኩት። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ከመስታወቱ ወዲህ ተማሪዎች ይጋፋሉ፤ ከበሩ ውጭ መኪና አይቋረጥም። ባለሱቋ ማጉያ መነፅር ግንባሯ ላይ ሰቅላለች።

«ምን ልታዘዝ አባባ?»

«ጋሼ በይኝ። ካውያ አለሽ? ጠንከር ያለውን።»

«ምን ሊበይዱበት? በር?»

«ሬዲዮ።»

«እንግዲያው ጠንካራውን ለጠላትዎ ይግዙለት» አለች። አጎቴ ከኪሱ ያወጣውን ጣሳ ተቀብላ አሸተተችና ክዳኑን ቶሎ መለሰች። «ይሄ የቧንቧ ሠራተኛ ቅባት ነው፤ አሲድ አለው። ዛሬ ያጣብቅና ነገ መዳቡን ይበላዋል። የነካውን ቦታ ሁሉ በአልኮልና በብሩሽ አጥበው ይጀምሩ።»

ከዚያ መስታወቱ ላይ ትደረድር ጀመር። ሙቀቱ የሚስተካከል፣ ጫፉ የቀጠነ ካውያ። «እሳቱን እርስዎ ይያዙት እንጂ እሱ አይያዝዎ።» ማስቀመጫው ከነእርጥብ ስፖንጁ። «ያለዚህ ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉትና ባለቤትዎ ያባርሩዎታል።»

«ከዚያ አልፈናል» አለ አጎቴ።

መሃሉ የዛፍ ሙጫ ያለው ቀጭን የብየዳ እርሳስ ሽቦ ሰጠችው፤ ሌላ ቅባት አያስፈልግም አለችው። የፈሰሰውን መልሶ የሚስብ መምጠጫ ጨመረችለት። «መጀመሪያ የሚጣል ነገር ላይ ይለማመዱ፤ የተሰበረ አሻንጉሊት አይጠፋም። ሁለቱን ብረቶች ያሙቁ፣ እርሳሱን እነሱ ያቅልጡት። ካውያው ላይ ካቀለጡት ይንጠባጠባል እንጂ አይያዝም።»

የኤሌክትሪክ መለኪያው፣ መልቲሜትሩ ላይ ግን ተከራከሩ። አጎቴ ዓይኑን የጣለው ዙሪያውን ቁጥር የሞላው ላይ ነው።

«ይሄኛው ብዙ ያውቃል።»

«እሱ ያውቃል፤ የት ላይ እንደሚያደርጉት ደግሞ እርስዎ ማወቅ አለብዎት። ይሄ ርካሹም ይቅርብዎ፤ ሽቦው እንደ ክር ነው፣ ተሳስተው የግድግዳ ሶኬት ውስጥ ቢከቱት እጅዎ ላይ ይፈነዳል። ይሄን ይያዙ። ሽቦው ወፍራም ነው፣ ውስጡ ትክክለኛ ፊውዝ አለው፣ መጠኑንም ራሱ እየመረጠ ይለካል።»

«ማርሽ ራሱ ይቀይራል እያልሽኝ ነው?»

«ይበሉት።»

«አውቶማቲክ አልወድም። ሾፌር ያሰንፋል።»

«እስቲ መጀመሪያ ሳይጋጩ ይድረሱ፤ ከዚያ ማርሹን ይቀይራሉ» ስትለው ተማሪዎቹ ሳቁ፤ አጎቴም ሳቀ። ከጡረታው ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም።

«ደግሞ ለርስዎ ዋናው ይሄ ነው» አለች። ማዞሪያውን የድምፅ ምልክት ያለበት ቦታ ላይ አድርጋ የቀዩንና የጥቁሩን ሽቦ ጫፎች አነካካች። «መንገዱ ካልተቆረጠ ይጮኻል፣ ከተቆረጠ ዝም ይላል። ዓይንዎ ጫፉ ላይ፣ ጆሮዎ ድምፁ ላይ። ሰሙት?»

«እንዴታ!» አለ አጎቴ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ቤቱ ትንሽ ረገብ አለ። ጓሮ ተቀምጦ የተሰበረ አሻንጉሊት መኪና ላይ ተለማመደ። መጀመሪያ የበየደው ነጥብ የዳቦ ፍርፋሪ ይመስል ነበር፤ እያደር እየጠራ፣ እያበራ መጣ። የሬዲዮዋን ቦርድ በጥርስ ብሩሽ አጠበው። የመኝታ ቤቱ በር ግን ከሰዓት በኋላ መዘጋቱን አልተወም። አጎቴም በየመሃሉ እየተነሳ ያን በር አይቶ ይመለሳል።

አንድ ቀን ደወለልኝ። ስልኩ ውስጥ ይጮኻል።

«አታልላናለች! መልቲሜትሩ ዱዳ ነው። ጫፍ ለጫፍ አነካካለሁ፣ ትንፍሽ አይልም። ና!»

ሱቁ እንደ ወትሮው ሞልቷል። አጎቴ ተማሪዎቹን ገፍቶ አለፈና መልቲሜትሩን መስታወቱ ላይ ቁጭ አደረገው።

«ይኸው! አንቺው ራስሽ እይው» ብሎ ሁለቱን ጫፎች አነካካ።

መልቲሜትሩ ጮኸ። ቀጭን፣ ጥርስ የሚያፋጭ ጩኸት ነበር። በር ላይ የነበረ ሰው ዞሮ አየ።

«ይኸው!» አለ አጎቴ፣ ጫፎቹን ይበልጥ እየተጫነ። «ዝም! መቃብር! ይሄን ነው የሸጥሽልኝ?»

ጩኸቱ ቀጠለ። ማንም አልሳቀም። አንዱ ተማሪ ጫማውን ያይ ጀመር። እኔ አጎቴን ላየው አልቻልኩም፤ ማጅራቱን አየሁ። ልጅ ሳለሁ ከመስኮቱ በኩል የሚገባው የሞተር ድምፅ ቀኑን ሙሉ እዚያ ጆሮ ላይ ሲፈስ እንደኖረ እስከዚያች ሰዓት አስቤ አላውቅም ነበር።

ባለሱቋ መነፅሯን ከግንባሯ አወረደች። ድምፅዋን ከፍ፣ ንግግሯን ዝግ አደረገች።

«አባባ… እየጮኸ ነው።»

አጎቴ አያት። ከዚያ እኔን አየ። ከዚያ አንድ በአንድ ተማሪዎቹን። እጁ ጫፎቹን አልለቀቀም።

«ካቻቢቴ ስጪኝ» አለ።

ሰጠችው። ጫፎቹን እኔ እንድይዝለት አደረገ። የካቻቢቴውን ጫፍ መልቲሜትሩ ጀርባ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ሥር ያለው አጥንት ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፈነ። ቆየ።

«አለች» አለ በመጨረሻ። «ሩቅ አገር ነች። ግን አለች።»

ካቻቢቴውን መለሰላት። በመብራት የሚያሳይ ሌላ ዓይነት እንዳለ፣ ልትቀይርለት እንደምትችል ስትነግረው ራሱን ነቀነቀ። መልቲሜትሩን ኪሱ ከትቶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

«ጋሼ በይኝ ብዬሽ ነበር» አላት፤ ድምፁ ግን ቁጣ አልነበረበትም።

ወደ ቤት ስንመለስ ማቆሚያው ጋ አንድ አውቶቡስ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። አጎቴ ቆመ።

«ምን ትላለች?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ። ትጮኻለች።»

«ለኔ ጆሮ ደህና ናት» አለ። «ላለፈው አንድ ዓመት የሚያልፈው ሁሉ ደህና ነው። አዲስ አውቶቡስ ገዙ ብዬ ነበር።»

ቤት ስንገባ የመኝታ ቤቱ በር ተዘግቷል። አጎቴ ሬዲዮዋን ከነቦርዷ ከመስኮቱ ሥር ወዳለው ጠረጴዛ መለሳት። ካውያውን ማስቀመጫው ላይ አኖረ። ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ እንደገና ተቀመጠ። በመጨረሻ ሄዶ በሩን አንኳኳ።

«ነይ እስቲ፤ ጆሮሽን አውሺኝ።»

እትዬ በሩን ከፈት አድርጋ አየችው። «ምን?»

«ይቺ ነገር ስትጮህ ንገሪኝ። እኔ አልሰማትም።» ቀጥሎም «ሬዲዮዋንም ያልሰማኋት እኔ ነኝ። አንቺንም» አለ።

እትዬ አንድ እጅጌው የታጠፈ ሸሚዝ ይዛ ነበር። ሌላውንም እጅጌ አጠፈችው።

«ነግሬህ ነበር» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ነግሬህ ነበር አልኩ!»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ! አልሰማህም እንጂ!»

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ከዚያ ወንበሯን እየጎተተች መጣች፤ ከአጎቴ ጎንም አደረገችው።

አጎቴ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ጫፎች ከመስመር ወደ መስመር ማነካካት ጀመረ። ሲጮህ እትዬ «ጮኸ» ትላለች፤ አይሰማትም፤ ቀና ብሎ አፏን ያያል፤ ቀና ሲል ጫፉ ይስታል። ተናደደ። ጫፎቹን ሊወረውራቸው እጁን አነሳ። ያኔ ነው እትዬ መዳፏን ጉልበቱ ላይ ያሳረፈችው።

«ቀጥል። ሲጮህ መታ አደርግሃለሁ።»

ነካ። መታ አደረገችው። ወደሚቀጥለው ሄደ። መታ። መታ። ከድምፅ ማጉያው ሽቦ አጠገብ ወዳለው መስመር ሲደርስ እጇ ዝም አለ። አጎቴ ጠበቀ። እንደገና ነካ። እጇ አልተንቀሳቀሰም።

«እዚህ ጋ ነው» አለ።

በተነሳው መዳብ ፋንታ ቀጭን ሽቦ ዘረጋ። ሁለቱን ብረቶች አሞቀ፤ እርሳሱን እነሱ አቀለጡት። ነጥቡ አበራ። እንደገና ለካው፤ እትዬ ጉልበቱን መታ አደረገችው።

ማዞሪያውን እትዬ ናት የከፈተችው። ሬዲዮዋ ተንኮሻኮሸች፣ ከዚያ ሰው ተናገረ። ትረካው ተጀምሮ ነበር። አጎቴ የተናጋሪውን ድምፅ ሳይሆን የእትዬን ፊት ያይ ነበር፤ መዳኗን ያወቀው ከዚያ ነው።

«ትሰማታለህ?» አለችው፣ ወደ ጆሮው ተጠግታ።

«ታንሾካሹካለች።»

እትዬ ማዞሪያውን ወደ ላይ ጨመረችው።

«አሁንስ?»

«ትንሽ።»

ጨመረችው። አጎቴ ወደ ወንበሩ ተደግፎ ተረጋጋ፤ ቀኝ እግሩ ብቻ ምንጣፉ ላይ ፍሬን መያዙን አልተወም። ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። አጎቴ አልሰማም። እትዬ ሰማች፤ ወደ ግድግዳው አንዴ ዞር ብላ አየችና ሸሚዟን ማጣጠፏን ቀጠለች።