ጋሽ ሜትር ያላዩት ስፌት

ጋሽ ሜትር ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰፈሩ ይህን ስም ያወጣላቸው ሜትራቸው ከአንገታቸው የሚወርደው ገላቸውን ሲታጠቡ ብቻ ስለሆነ ነው፤ እሱንም ባለቤታቸው ናቸው የሚሉት እንጂ ያየ የለም። ሲስቁ የጎረቤት ሱቅ መስታወት ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልባቸው በቀዶ ጥገና ከተጠገነ ወዲህ ግን ሳቁ ጠፋ። ሐኪሙ «ልብዎ ደህና ነው፤ ተነሥተው ካልተራመዱ ግን ሳንባዎ ይታመማል» ቢላቸውም፣ እንቁላል እንደታቀፈ ሰው ተጠንቅቀው የሆስፒታሉ አልጋ ላይ በጀርባቸው እንደተኙ ቀሩ። አልጋው ጀልባ፣ ነጩ መጋረጃ ሸራ ሆኖላቸው በከሰዓቱ ብርሃን ላይ ይንሳፈፋሉ። ከሩቅ አንድ የስፌት መኪና ይሰማቸዋል፤ ሰፊ የለውም፣ ብቻውን ደመና ይሰፋል።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን ልትገድለኝ ነው?» ይላሉ ባለቤታቸው።

«ዝም በይ፣ ካሳቅሽኝ እተረተራለሁ!» ይላሉ በሹክሹክታ።

አንድ ቀን የሆስፒታሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ድምፀ ለስላሳ ወጣት ሴት፣ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አይዞዎት» አላለችም፤ ያ ክፍል አይዞዎትን ጠግቦ ያገሳ ነበር።

«ጋሼ፣ ምኑ ነው የሚያስፈራዎ?»

ግራ ቀኝ አዩ። «ይኸውልሽ ልጄ፣ እኔ ያላየሁትን ስፌት አላምንም። ሐኪሙ ደግሞ ተኝቼ ነው የሰፋኝ። ክሩን በምን አውቃለሁ?»

አልሳቀችም። «እርስዎ የሰፉትን ሱሪ ደንበኛው በምን ያምናል?»

«እዚሁ ፊቴ ቁጢጥ በል እለዋለኋ! ቁጢጥ ሳይል ከሱቄ የወጣ የለም፤ ዳኛም ቢሆን!»

«ይተረተራል ብሎ ቢፈራስ?»

«ጠረጴዛውን ያዝና ቀስ ብለህ፣ እስከ ግማሽ ብቻ...» ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። መጋረጃው በነፋስ ሞልቶ ረገበ።

«እስከ ግማሽ ብቻ?» አሉ በመጨረሻ።

«እስከ ግማሽ ብቻ» አለች፣ ክንዷን እየዘረጋችላቸው።

የዚያን ቀን ከአልጋው ጫፍ አላለፉም። በማግስቱ በሩ ጋ ደረሱ። እሷ በየቀኑ እየመጣች ፍርሃታቸውን ታስወራቸዋለች፤ ሲደክማቸው አብራ ትቆማለች። ኮሪደሩ እንደተዘረጋ ሐር ያበራል፣ ጋሽ ሜትር እንዳይጨማደድ የፈሩ ይመስል በላዩ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። መጨረሻው ላይ ካለው መስኮት የደረሱ ዕለት ባለቤታቸው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣

«በል እንግዲህ፣ ቁጢጥ በልልኝ!» አሏቸው።

ሳቁ አመለጣቸው። የመድኃኒት ጠርሙሶች ተንጫጩ፤ ሦስት ክፍል ርቆ የተኛ በሽተኛ «ምን ፈነዳ?» አለ። ጋሽ ሜትር በድንጋጤ ደረታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ጠበቁ። ዳሰሱ።

«ደህና ክር ነው» አሉና፣ ያቋረጡትን ሳቅ ቀጠሉ።