አንድ ሰው ብቻ የነዳት ላንድሮቨር

ደላላው ፉርቃን ስለዚያች ላንድሮቨር የሚያወራው አፉን ሞልቶ ነው። «አንድ ሰው ብቻ የነዳት! ሊብሬዋ ላይ ሁለተኛ ስም የለም። ከተገዛችበት ቀን ጀምሮ ደረሰኟ፣ ቦሎዋ፣ የጎማዋ ሒሳብ ሳይቀር አለ። እንዲህ ያለች መኪና አሁን ከየት ትመጣለች?» ይላል። እውነቱን ነው፤ ደላላም አንዳንዴ እውነት ያመልጠዋል። አንድ ነገር ብቻ ሳይናገር ያልፋል። የመኪናዋ ወረቀት ሁሉ አለ፤ የጠፋው ባለቤቷ ነው።

ጠፋ ስንል የትም አልሄደም። ገብረ ኢየሱስ ጭድ ተራ ባለው ግቢው ውስጥ፣ እዚያችው መኪና ላይ መሪ ጨብጦ ተቀምጧል። ሰማንያን ካለፈ ወዲህ ሐሳቡ እየሾለከ አለቀበት። የሚስቱን የፋንታዬን ስም ይረሳል፣ የመኪናዋን ታርጋ ግን እንደ ውዳሴ ማርያም ይወጣዋል። ፋንታዬ ይህን ለጎረቤት ስታወራ ትስቃለች። ሳቋ ከአንገት በላይ መሆኑን የማያውቅ የለም።

ሰውየው ከመስቃን አገር መርካቶ ሲመጣ ሊስትሮ ነበር። ከሊስትሮነት ወደ ተሸካሚነት፣ ከዚያም ጭድና ድርቆሽ ወደ መነገድ ዞረ። አብዮቱ ሊፈነዳ ዓመት ሲቀረው የጭድ ተራው እቁብ ወጣለት። ሱቁን ያሰፋል ሲባል ሄዶ አዲስ ላንድሮቨር ገዝቶ መጣ! የፋንታዬ እናት «ወይኔ ልጄን! ለእብድ ሰጠኋት» ብለው እዬዬ አሉ። መስቀል ሲደርስ ግን ጉድ ሲል የከረመው ሰው ሁሉ፣ እሳቸውም ጭምር፣ ደጁ ላይ ተሰለፈ። አገር ቤት ባዶ እጅ አይገባም፤ ጣሪያዋ ፖርቶ መጋላ ላይ ብርድ ልብሱ፣ ስኳሩ፣ የእናት ጋቢው ተቆልሎ፣ ሰው እንደ ጆንያ ተጠቅጥቆ፣ በቡኢ አድርገው ቡታጅራ ይገባሉ። ምጥ የያዛትን አድርሷል። መርካቶ ሞቶ እናቱ አጠገብ ልቀበር ያለውንም አድርሷል። ሬሳ ሲጭን ገንዘብ አይቀበልም፣ ክላክስም አይነካም ነበር።

ልጅ አልሰጣቸውም። ሰፈርተኛው «የእናንተማ ልጅ ላንድሮቨሯ ናት» እያለ ይቀልድ ነበር። ቀልዱ ያማት የነበረው ፋንታዬን ነው፤ እሱ እየሳቀ ኮፈኗን ቸብ ቸብ ያደርጋል።

አሁን ከምሳ በኋላ በሩን ከፍቶ ይገባል። ፋንታዬ ባትሪውን አስወጥታ ሞተሩን ዝም ካሰኘችው ቆይቷል፤ እሱ ግን ካምቢዮውን እያስገባ፣ መሪውን እያዞረ ይነዳል። እሷን ሲያውቃት «ፋንቱ» ነው የሚላት። ሲጠፋበት አንቱ እያለ እንደ ተሳፋሪ ያከብራታል። «እመቤቴ፣ በሩን ሳብ ያድርጉት፤ አቧራ ነው» ይላታል። እሷም ትስበውና አጠገቡ ትቀመጣለች። አዋሽ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ያማትባል፣ አብራው ታማትባለች። ሌሊት የሚጮኸው፣ ልብሱን የሚጥለው፣ ላጥብህ ስትለው በክርኑ የሚደቃት ሰው እዚያች ወንበር ላይ ሲሆን ጸጥ ይላል። ፋንታዬም የምታርፈው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሰፈሩ ይፈርሳል ተባለ። ለእነሱ የደረሳቸው ኮንዶሚኒየም ከተማው ጫፍ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ላንድሮቨር አይወጣም። ጎዳና ላይ ትቁም ቢባል በሳምንቱ ተሰርቃ፣ ምናለሽ ተራ ተበልታ፣ በሯ ለብቻ ቸርኬዋ ለብቻ ትሸጣለች። የመድኃኒቱ ወጪም አለ፤ እሱን በመጠበቅ የሚያግዛት ሰው መቅጠሩም ገንዘብ ይፈልጋል። ፉርቃን ገዢ አመጣ፤ ጀዋር የሚባል፣ አሮጌ መኪና አድሶ ለሰርግ የሚያከራይ ጨዋ ልጅ። ዋጋ ላይ አልተጣሉም።

ችግሩ ፊርማው ነበር። ውልና ማስረጃ ቀርቦ፣ ወድጄ ነው የምሸጠው ብሎ መፈረም ያለበት ገብረ ኢየሱስ ራሱ ነው።

ፉርቃን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ ፋንታዬ፣ ዝም ብለን ይዘናቸው እንሂድ። አዎ በሉ ካሏቸው አዎ ይላሉ። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለኋ!» አለችው። «በተኛበት ኪሱን ልግባ? ዕድሜ ልኩን የሰው አደራ ያደረሰ ሰው ነው፣ አንተ።»

«ታዲያ ፍርድ ቤት ይሂዱና ሞግዚት ይሁኗቸው።»

«አእምሮውን ስቷል ብዬ? በገዛ አፌ? አላደርገውም።»

አላደረገችውም። የሚነቃበትን ቀን ልትጠብቅ ቆረጠች፤ አልፎ አልፎ፣ እንደ ክረምት ፀሐይ፣ ብቅ የሚልበት ቀን አለና። ጠበቀች። ጎረቤት ዕቃውን እየጫነ ወጣ፣ ቆርቆሮው ተነቀለ፣ ከአንዋር መስጊድ በኩል የሚመጣው አዛን በፈረሰው ግድግዳ አልፎ ጓዳዋ ድረስ ይገባ ጀመር። ለመልቀቅ ጥቂት ቀን ሲቀር ጀዋር አፍሮ ሌላ መኪና ማየቱን ነገራት። ያን ዕለት ለአማኑኤል ስለት ተሳለች። አንድ ቀን ብቻ፣ አለች።

ሰጣት። ጠዋት ሻይ ስትቀዳ «ፋንቱ፣ ስኳር አታብዢብኝ» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች። ዞር ስትል ያ የጥንቱ ዓይኑ ነው። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ልታለቅስ፣ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ቁጭ ብላ ልታወጋው አማራት፤ ስንት ነገር ነበራት የምትነግረው! አወይ ዕድል! በስንት ስለት የመጣን ሰው ንብረቱን ለመቀማት ልትጠቀምበት ነው። ራሷን ጠላች።

«ገብሬ» አለችው፣ «መኪናዋን ልንሸጣት ነው።»

በበሩ አሻግሮ መኪናዋን አየ። «ታምሜያለሁ አይደል?»

«ይጠፋብሃል። አንዳንዴ።»

ክንዷ ላይ የበለዘውን አየ። እጅጌዋን ሳብ አደረገች፤ ዘግይታለች።

«እኔ ነኝ?»

«ሳታውቅ ነው።»

«የሚያጥበኝ ማነው?»

«ማን ይሆናል? እኔ ነኛ።»

ሻዩን ሳይነካው ተነሣ። «ኮቴን አምጪልኝ። የወረቀቶቹንም ቆርቆሮ ሣጥን» አለ።

በስልክ ሲጠሩት ሌላ መኪና ገና ያልገዛው ጀዋር ከፉርቃን ጋር መጣ፤ ባትሪ አስገብቶ ራሱ ነዳ፣ ፉርቃን ከኋላ ተቀመጠ። ገብረ ኢየሱስ ፋንታዬን መሐል አድርጎ በሩ ጋ ተቀመጠ፤ በላንድሮቨሯ ውስጥ የተሳፋሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። «ሁለተኛው ማርሽ ላይ ቀስ በላት፣ ትቆጣለች» አለው። ጀዋር «እሺ ጋሼ» አለ። ውልና ማስረጃ እስኪደርሱ ድረስ ፋንታዬ የባሏን እጅ አልለቀቀችም፤ አሁን ቢጠፋስ፣ እዚያ ደርሶ «እመቤቴ» ቢላትስ እያለች ትሰጋ ነበር።

የምትመዘግበው ልጅ ወረቀቱን አገላብጣ ተገረመች። «አባባ፣ እንዲህ የተሟላ ፋይል አይቼ አላውቅም» አለች። ከዚያ እንደ ደንቡ ጠየቀችው። «ወደው ነው የሚሸጡት?»

ፉርቃን ጉሮሮውን ጠረገ። ፋንታዬ መሬት መሬቱን አየች።

«አልወደድኩም» አለ ገብረ ኢየሱስ። «ግን ሚስቴ ደክሟታል። ለእሷ ብዬ ነው። ይኼ ወዶ ከተባለ፣ ወድጄ ነው።»

ልጅቷ ብዕሩን አቀበለችው። በመሠረተ ትምህርት በተማረው ድልብ ፊደል ስሙን ሙሉ ጻፈ። ፋንታዬም ከሥሩ ፈረመች፤ እንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይወርድ በነጠላዋ ጫፍ እየያዘች። ሲወጡ ጀዋር ጎንበስ አለና ምርቃት ጠየቀ። ገብረ ኢየሱስ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ «በሰላም የምታደርስ ያድርግልህ» አለው። መኪናዋን ዞሮ ያያታል ብላ ፋንታዬ ፈርታ ነበር። አልዞረም።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ሌባ፣ ሌባ የሚል ጩኸት ግቢውን ሞላው። ያልለቀቁት ጎረቤቶች ሮጠው መጡ። ገብረ ኢየሱስ መኪናዋ ትቆምበት የነበረው፣ ዘይት የጠገበው መሬት ላይ ቆሟል። ጣቱን ወደ ፋንታዬ ቀስሯል። «እኚህ ናቸው! ሲያንዣብቡ አይቻቸዋለሁ! መኪናዬን የት አደረሷት?»

ሰዉን በእጇ መለሰችው። ገባችና ከቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ የውሉን ቅጂ አምጥታ ሰጠችው። ሌላ ምን ታድርግ? ወስዶ ፊደል በፊደል እየቆጠረ አነበበ። ገብረ… ኢየሱስ፣ አለ፣ እንደ ሌላ ሰው ስም። ቁጣው እየበረደ ሄደ፣ ፊቱን ሐዘን ወረሰው።

«ባለቤቱ ራሱ ነው የሸጣት» አለ።

«አዎ።»

«ምን ቸግሮት ይሆን፣ ምስኪን? እንዲህ ያለች መኪና!»

«ሚስቱ ደክሟት ነው።»

ወረቀቱን ሲያይ ቆየ። እንደ ሰው ንብረት በጥንቃቄ አጥፎ መለሰላት።

«እንዲያ ከሆነስ ደግ አደረገ» አለ። ከዚያ በትሕትና ዝቅ ብሎ ፊቷን አየ። «ባልና ሚስቱን ያውቋቸዋል፣ እመቤቴ?»

«አውቃቸው ነበር» አለችው።