ጫልቱ ያስተረጎመችልኝ ቤተ መንግሥት

ቤተ መንግሥቱን የጎበኘን ቀን የነበርነው የሦስተኛ ክፍል ልጆች፣ መምህራችን፣ አስጎብኚው ሽማግሌ፣ የጎረቤታችን ልጅ ጫልቱ፣ እናቷ አዴ ቢቂልቱና እኔ ነን። ዛሬ እዚህ ነቀምቴ ጎረቤቴ በሩን ቫርኒሽ ሲያስቀባ፣ ሽታው ያንን ታድሶ የተከፈተ የድሮ ቤተ መንግሥት አመጣብኝ።

ከሰፈራችን ከአንገር ጉቲን ወደዚህ ወደ ነቀምቴ በጭነት መኪና ነበር የመጣነው። መምህራችን አማርኛ ተናጋሪውን ከኦሮምኛ ተናጋሪው ጋር እጅ ለእጅ አያይዞናል። አስጎብኚው በኦሮምኛ ሲናገር ጫልቱ በጆሮዬ ታስተረጉምልኛለች። አንዱ ጨለማ ክፍል በር ላይ ስንደርስ እግሬ አልሄድ አለ።

«ነይ እንጂ! ጅብ ካለ እኔን ነው ቀድሞ የሚበላው» አለችና ጎትታ አስገባችኝ።

ስንወጣ ረጅሙን የግቢ አጥር ቀና ብላ አየችና እኔም እንዲገባኝ በአማርኛ እናቷን «እኛ ለምን አጥር የለንም?» ብላ ጠየቀቻቸው።

አዴ ቢቂልቱ ሳቁ። «ከዚህች ልጅ እናት ጋር እስክንፈራራ ድረስ ምን ያደርግልናል?» አሉ፣ ራሴን ዳበስ እያደረጉ።

ያኔ ነገሩ አልገባኝም። አድገን፣ ወልደን፣ እኔና ጫልቱም በጉርብትና ስንኖር አገሩ ታወከ። ባለቤቴ በእነሱ በኩል ቆርቆሮ አቆመ። ለልጆቼ ፈርቼ ስለነበር ዝም አልኩ። በሳምንቱ እነሱም ከወዲያ አጠሩ። ኋላ ሁላችንም ሳንሰነባበት ሸሸን።

ጫልቱ ጊዳ አያና ገብታለች የሚሉ አሉ። ያያት ሰው ካለ እባካችሁ፣ በሕይወት መኖሯን ብቻ ይንገረኝ።